ሪቻርድ ታከር፦ ከሐዛንነት እስከ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ

በዛሬው ጽሑፋችን የምናስተዋውቃችሁ ሰው አሜሪካ በሃያኛው መቶ ዘመን ካፈራቻቸው የኦፔራ ዘፋኞች መካከል ከግንባር ቀደሞቹ የሚቆጠር ነው። ስሙ ሪቻርድ ታከር ይባላል። የስደተኛ አይሁዳውያን ልጅ፣ የሐር ጨርቅ ሻጭ፣ የቤተ ክኔሴት ሐዛን፣ በኋላም በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለሠላሳ ዓመት የዘፈነ ቴነር ነበር።

ስለ እሱ ለመጻፍ የተነሣነው ኦፔራ የሁላችንም ሙዚቃ ነው ብለን አይደለም። ከማኅበረሰባችን ውስጥ ኦፔራን ቁጭ ብሎ ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ነው። በቴሌቪዥን ድንገት ሲመጣ “ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?” ብለው ጣቢያ የሚቀይሩ አባቶችና እናቶች እንዳሉም እናውቃለን። ነገር ግን የዚህ ሰው ድምፅ መጀመሪያ የተገራው በጸሎት ነው። ቄሶቻችን በግዕዝ የሚያሰሙትን የጸሎት ዜማ እየሰማ ላደገ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴነር ማለት ምን ማለት ነው?

በኦፔራ የወንድ ድምፅ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል። ወፍራሙና ዝቅ ያለው ባስ፣ መካከለኛው ባሪቶን፣ ከፍ ያለው ደግሞ ቴነር ይባላል። የኦፔራ ደራሲዎች አብዛኛውን ጊዜ አፍቃሪውን ወጣት ለቴነር ይሰጡታል። ተቀናቃኙ ወይም አባትየው ባሪቶን፣ ንጉሡና ካህኑ ደግሞ ባስ ይሆናሉ።

ከዚህ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን የኦፔራ ዘፋኝ ማይክሮፎን የማይጠቀም መሆኑ ነው። ከፊቱ ሰባ ሰማንያ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፣ ከእነሱ ወዲያ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው ተቀምጧል፣ እሱ ግን በባዶ ጉሮሮው ከመጨረሻው ረድፍ ድረስ መሰማት አለበት። ይህ የሚሆነው በጩኸት ብዛት አይደለም። የሠለጠነ ዘፋኝ የድምፁን ኃይል በሰከንድ ሦስት ሺህ ንዝረት አካባቢ ያከማቸዋል። በዚያ አካባቢ የኦርኬስትራው ድምፅ ስለሚደክም የሰውዬው ድምፅ በመካከሉ ሰንጥቆ ያልፋል። ይህን ለመልመድ ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፣ ቸኩሎ ከባድ ዜማ የጀመረ ድምፁን ያጣል። ድምፁ ከጠፋበት ደግሞ እንደ ተሰበረ ማሲንቆ አይጠገንለትም።

የብሩክሊኑ ልጅ

ታከር የተወለደው ነሐሴ 28 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ነው። ወላጆቹ ከምሥራቅ አውሮፓ፣ ከሮማንያ ወገን ከቤሳራቢያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። በትውልድ ስሙ ሩቢን ቲከር ይባል ነበር። ሪቻርድ ታከር የሚለው ስም በኋላ ለሥራው የወጣለት ነው። ወደ እስራኤል ስንገባ በመዝገብ ቤት ስማችን የተቀየረብን ሰዎች ይህንን ነገር ሳናብራራው የምንረዳው ይመስለናል፤ በእሱ በኩል ግን ለውጡ በፈቃዱ ነበር።

ገና ሕፃን ሳለ ድምፁ ያማረ መሆኑ ታወቀና በማንሃተን ታችኛው ሠፈር በሚገኘው የቲፌሬት ይስራኤል ቤተ ክኔሴት ሐዛን ከነበሩት ከሳሙኤል ዋይሰር ዘንድ ተማረ። ሐዛን ማለት፣ አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ በቤተ ክኔሴት ጸሎቱን በዜማ የሚመራው ሰው ነው። በአሽኬናዚ አይሁድ ዘንድ ልጆች ከሐዛኑ አጠገብ ቆመው እየተቀበሉ በመዘመር ዜማውን በጆሮ ይለምዱታል። እኛ ዘንድም ተማሪው ከቄሱ እግር ሥር ተቀምጦ በቃል እንደሚያጠናው ማለት ነው። ልጁ በዚህ መንገድ እስትንፋሱን መቆጠብን፣ ቃሉን አጥርቶ ማውጣትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልመናን በድምፅ ማሰማትን ተማረ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየችውም። የጣልያን ኦፔራ ሲዘፍን እንኳ የሐዛኑ ለቅሶ ይሰማበታል እያሉ አንዳንድ ሐያስያን ይነቅፉት ነበር። እኛ ቅጂዎቹን ስንሰማ ግን እንደ ጉድለት ልንቆጥረው አልቻልንም።

ሲያድግ በሠርግና በባር ሚጽቫ ላይ እየዘመረ ጥቂት ገንዘብ ያገኝ ጀመር። ቀን ቀን በማንሃተን የልብስ ሠፈር የሐር ጨርቅ እየዞረ ይሸጥ ነበር። ደመወዙ በሽያጭ ኮሚሽን ስለነበር ያልሸጠ ሳምንት ገቢ የለውም። በሐዛንነቱም ደረጃ በደረጃ ወጣ። መጀመሪያ በኒው ጀርዚ ፓሴይክ በትርፍ ጊዜ፣ ከዚያ በብሮንክስ በቋሚነት ካገለገለ በኋላ በ1943 በትልቁ በብሩክሊን የአይሁድ ማዕከል ሐዛን ሆኖ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ለአንድ አይሁዳዊ ዘፋኝ ይህ ቦታ ክብርም እንጀራም ያለበት ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ቢደርስ በቃኝ ይል ነበር።

አማቹ ያን ፒርስ

በየካቲት 1936 ታከር ሣራ ፔሬልሙት የተባለች ልጃገረድ አገባ። ወላጆቿ በማንሃተን የኮሸር ድግስ አዳራሽ ነበራቸው። ታላቅ ወንድሟ ያዕቆብ ፒንከስ ደግሞ ቫዮሊን ሲጫወት ኖሮ ወደ ዘፈን የዞረ ሰው ነው። በሙዚቃ ዓለም ያን ፒርስ ተብሎ የታወቀው እሱ ነው። ፒርስ በ1904 ተወለደ፣ በሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ስሙ ገነነ፣ ታላቁ የሙዚቃ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒም ወደደውና ደጋግሞ አዘፈነው። በ1941 ወደ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ገባ። በ1956 ደግሞ ሞስኮ ሄዶ በቦልሾይ ቲያትር ዘፈነ፣ በዚያው ጉዞ በሞስኮ ቤተ ክኔሴት ለአይሁዳውያኑ ጸሎት መራላቸው። በዚያ ዘመን ከሶቪየት አይሁድ ጋር መገናኘት ምን ያህል ብርቅ እንደነበር ለምታውቁ፣ ይህ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በአንድ ቤት ሁለት ቴነር! እንዲህ ያለ ነገር ደስታ ያመጣል ቢባልም እንዳሰቡት አልሆነም። ፒርስ የእህቱ ባል በኦፔራ ይሳካለታል ብሎ አላመነም፣ በመንገዱም አልረዳውም። በሁለቱ መካከል የነበረው ቅዝቃዜ በኒው ዮርክ የሙዚቃ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘለቀ። በመካከል የቆመችው ሣራ ናት፣ በአንድ በኩል ወንድሟ በሌላ በኩል ባሏ። ማን ጥፋተኛ ነበር ብለን ልንፈርድ አንችልም። የቤተሰብ ነገር ከውጭ ሆኖ አይለካም።

ያልተሳካው ፈተናና የሥራ አስኪያጁ ጉብኝት

ታከር ራሱ ቴነር ከነበረው ከፖል አልትሃውስ ዘንድ የኦፔራ አዘፋፈን ይማር ጀመር። አልትሃውስ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዲያጠና አልፈቀደለትም፣ ድምፁ ሳይበስል ከባድ ዜማ እንዳይነካ ይጠብቀው ነበር። በ1941 ታከር በሬዲዮ በሚተላለፈው የሜትሮፖሊታን የድምፅ ውድድር ላይ ቀረበ፣ ግን አላሸነፈም። ወደ ቤተ ክኔሴቱና ወደ ሐር ጨርቁ ተመለሰ።

ነገሩ የተለወጠው የሜትሮፖሊታን ዋና ሥራ አስኪያጅ ኤድዋርድ ጆንሰን ሳይነግሩት ወደ ብሩክሊን የአይሁድ ማዕከል በሄዱ ጊዜ ነው። ጆንሰን ራሳቸው በወጣትነታቸው ቴነር ነበሩ። ሐዛኑ በምእመናኑ ፊት ሲጸልይ አዳመጡት። ከሦስት ዓመት በፊት በውድድር የወደቀውን ሰው አሁን በጸሎቱ ላይ ሰምተው ድጋሚ እንዲፈተን ጠሩት፣ ውልም ሰጡት። ለታከር ግን ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ሚስትና ልጆች አሉት፣ የሐዛንነቱ ደመወዝ አስተማማኝ ነው፣ ኦፔራው ደግሞ ዛሬ ወስዶ ነገ ሊመልሰው የሚችል ሥራ ነው። በመድረክ ላይ የነበረው ልምድም እጅግ ጥቂት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሥራ መቀየር ምን እንደሚመስል አዲስ አገር ገብቶ ከዜሮ የጀመረ ሰው ያውቀዋል።

ጥር 25 ቀን 1945 በፖንኪየሊ “ላ ጆኮንዳ” ውስጥ ኤንዞ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ ቆመ። ተመልካቹ ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣም፣ ከሰባት መቶ ጊዜ በላይም ዘፈነበት።

ከካላስ፣ ከቶስካኒኒ፣ ከማሪያን አንደርሰን ጋር

በ1947 ወደ ጣልያን ሄዶ በቬሮና በጥንቱ የሮማውያን ክፍት ቲያትር ውስጥ ያንኑ ኤንዞን ዘፈነ። የሙዚቃው መሪ ቱሊዮ ሴራፊን ነበሩ። ከእሱ ጋር የዘፈነችው ጆኮንዳ በጣልያን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበች አንዲት ያልታወቀች ወጣት ነበረች። ስሟ ማሪያ ካላስ ነው። በኋላ የዘመኑ ዝነኛዋ ሶፕራኖ ሆናለች። ሁለቱ በ1954 “ላ ፎርሳ ዴል ዴስቲኖ”ን፣ በ1955 “አይዳ”ን በሴራፊን መሪነት በሸክላ ቀርጸዋል። ዛሬም የሚሸጡና የሚሰሙ ናቸው። “አይዳ” ታሪኳ የግብፅ ምርኮኛ ስለሆነች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳችሁ። ቨርዲ ያቀረባት ኢትዮጵያ ከእውነተኛዋ ጋር ብዙም አትገናኝም፣ ሆኖም በዓለም የኦፔራ ቤቶች ውስጥ ኢትዮጵያ የሚለው ስም በየዓመቱ የሚነሣው በዚህች ሥራ ነው።

በ1949 ቶስካኒኒ የአማቹን ሳይሆን የታከርን ድምፅ መርጠው “አይዳ”ን በሬዲዮና በቴሌቪዥን አስተላለፉ። ታከር ራዳሜስን ዘፈነ። ቶስካኒኒ በፋሺስቶች ፊት አልሰግድም ብለው ከጣልያን የወጡ ሰው ሲሆኑ፣ በታኅሣሥ 1936 ቴል አቪቭ መጥተው ከአውሮፓ የተባረሩ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች የተሰባሰቡበትን ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ኮንሰርት መርተዋል። ይህ ኦርኬስትራ ዛሬ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ የሚባለው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ለእኛ ለጥቁር አይሁዳውያን ከሁሉ ጎልቶ ይታየናል። ጥር 7 ቀን 1955 ማሪያን አንደርሰን በሜትሮፖሊታን ዋና ገጸ ባሕርይ ይዛ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ቤቱ ከተከፈተ ከሰባ ዓመት በላይ አልፎት ነበር። አንደርሰን በዚያን ጊዜ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ የድምፅዋ ምርጥ ዓመታት በተዘጋ በር ፊት አልፈዋል። ሥራው የቨርዲ “ኡን ባሎ ኢን ማስኬራ” ነው። በዚያ ምሽት በዋናው የቴነር ቦታ ከእሷ ጋር የቆመው ሪቻርድ ታከር ነበር።

ሰንበት፣ በዓልና ሥራ

አንባቢዎቻችን የምትጠይቁትን እናውቃለን። ሰንበትስ? የሜትሮፖሊታን የሬዲዮ ስርጭት ከ1931 ጀምሮ የሚተላለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አሜሪካ ሙሉ የሚሰማውም እሱን ነው። ታከርም በእነዚህ የቅዳሜ ስርጭቶች ላይ ይዘፍን ነበር። ይህንን ልንሸፍነው አንፈልግም። ለወላጆቻችን ሰንበትን ማክበር ምን ማለት እንደነበር ለምናውቅ ሰዎች የሚከብድ ነገር ነው። በሌላ በኩል ሐዛንነቱን አልተወም። በሮሽ ሃሻናና በዮም ኪፑር (አስተስርዮ) ከኦፔራው ተለይቶ በቤተ ክኔሴት ጸሎት ይመራ ነበር፣ ለብዙ ዓመታት በቺካጎ። በፔሳሕም ሴደር ይመራ ነበር። ከሾሎም ሴኩንዳ ጋር የኮል ኒድሬን ጸሎት በሸክላ አስቀርጿል። ለኦፔራ ትኬት የማይገዙ ብዙ አይሁዳውያን ቤተሰቦች እሱን ያወቁት በዚያ ሸክላ ነው።

በ1967 ታከርና ሶፕራኖዋ ሮበርታ ፒተርስ ኮንሰርት ለማቅረብ እስራኤል ውስጥ እያሉ የስድስቱ ቀን ጦርነት ፈነዳ። ከአገር እንዲወጡ ቢነገራቸውም እምቢ ብለው ቀሩና ለወታደሮች ዘፈኑ።

መጋቢት 4 ቀን 1960

በሜትሮፖሊታን “ላ ፎርሳ ዴል ዴስቲኖ” ይታያል። ታከር አልቫሮን፣ ባሪቶኑ ሌናርድ ዋረን ደግሞ ዶን ካርሎን ይዘዋል። ሁለቱ አብረው የሚዘፍኑትን ጨርሰው ታከር ከመድረኩ ወጣ። ዋረን ብቻውን አሪያውን ዘፍኖ ብዙ ሳይቆይ በተመልካቹ ፊት ወደቀ። ታከር ሮጠው ከደረሱለት ሰዎች አንዱ ነበር። ዋረን አልተነሣም፣ በአርባ ስምንት ዓመቱ እዚያው ሞተ። በወቅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሩዶልፍ ቢንግ ወጥተው ለተመልካቹ ተናገሩ፣ ትዕይንቱም ተቋረጠ።

የቀረው ገጸ ባሕርይ

ታከር ዕድሜው ሲገፋ ድምፁ አልደከመም፤ እንዲያውም ክብደት ጨመረ። በ1970 በሜትሮፖሊታን ሃያ አምስተኛ ዓመቱ ሲከበር ከጆን ሰዘርላንድ፣ ከሬናታ ቴባልዲና ከሊዮንቲን ፕራይስ ጋር በአንድ ምሽት ከሦስት ኦፔራ አንድ አንድ ክፍል ዘፈነ። በዚያው ዓመት “ፓሊያቺ” ውስጥ ካኒዮን ጀመረ፣ ብዙዎችም ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ነው አሉ።

እሱ ግን የሚመኘው ሌላ ነበር። አይሁዳዊው ፈረንሳዊ ፍሮሜንታል አሌቪ በ1835 በፓሪስ ያሳየው “ላ ጁዊቭ”፣ ማለትም “አይሁዳዊቷ”፣ የሚባል ኦፔራ አለ። ታሪኩ በ1414 በኮንስታንስ ከተማ የሚኖር ኤሌአዛር የተባለ አይሁዳዊ ወርቅ ሠሪን ይመለከታል። ራሔል የምትባል ልጅ አሳድጓል፤ የወለዳት ግን እሱ አይደለም፣ የካርዲናሉ ልጅ ናት። ሁለቱም ሞት ይፈረድባቸዋል። እውነቱን ቢናገር ልጅቱ ትድናለች፣ ግን ለገዳዮቹ አሳልፎ ሊሰጣት ነው። በአራተኛው ክፍል ኤሌአዛር ይህንን እያሰላሰለ የሚዘፍነው አሪያ በቴነር ከተጻፉት ከባዶቹ አንዱ ነው። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ በዝግ ቤት በምሥጢር የሚደረግ የፔሳሕ ማዕድ አለ፣ ጸሎቱን የሚመራውም ኤሌአዛር ነው። ሐዛን ለነበረ ቴነር ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ከየት ይመጣል? ታላቁ ካሩሶ በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ በሜትሮፖሊታን የዘፈነው፣ በታኅሣሥ 24 ቀን 1920፣ ይህንኑ ገጸ ባሕርይ ነው።

ሜትሮፖሊታን ግን ከ1936 በኋላ ሥራውን አላሳየም ነበር። ታከር ለዓመታት ጠየቀ። ቢንግ አልተቀበሉትም። በ1973 በለንደን በኮንሰርት መልክ፣ በኒው ኦርሊንስ ደግሞ በመድረክ ኤሌአዛርን ዘፈነ። በመጨረሻ ሜትሮፖሊታንም ሥራውን ሊያዘጋጅለት ተስማማ።

ጥር 8 ቀን 1975 ታከርና ወዳጁ ባሪቶን ሮበርት ሜሪል፣ እሱም የብሩክሊን አይሁዳዊ ነው፣ በሚሺጋን በካላማዙ ከተማ ማታ ኮንሰርት ሊያቀርቡ ደርሰው ነበር። ታከር ከኮንሰርቱ በፊት ዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። የቀብር ጸሎቱ የተደረገው በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ነው፤ ይህ ከእሱ በፊት ለማንም ዘፋኝ አልተደረገም። በዚያው ዓመት በስሙ ወጣት አሜሪካውያን ዘፋኞችን የሚረዳ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። የመጀመሪያውን ሽልማት በ1978 ቴነሩ ሮክዌል ብሌክ ወሰደ፣ በ1990 ሶፕራኖዋ ረኔ ፍሌሚንግ፣ በ2006 ደግሞ ጥቁሩ ቴነር ሎረንስ ብራውንሊ አገኙ። ከሊንከን ሴንተር ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ አደባባይም በስሙ ተሰይማ ሐውልቱ ቆሞባታል። ያን ፒርስ ከእሱ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ በታኅሣሥ 1984 አረፈ።

“ላ ጁዊቭ” ወደ ሜትሮፖሊታን የተመለሰው በ2003 ነው። በ2010 ደግሞ የእስራኤል ኦፔራ በቴል አቪቭ አሳይቶታል። በኒው ዮርክ ኤሌአዛርን የዘፈነው ኒል ሺኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ቴነር ነበር፤ በኒው ዮርክ የተወለደ፣ አባቱ ሐዛን የነበረ ሰው ነው።